በሰያፍ የሚለካ ዕቃ

ጨርቅ በሜትር፣ ጤፍ በኪሎ፣ ቦታ በካሬ ሲለካ ኖሬአለሁ። በሰያፍ የሚለካ ዕቃ ግን ሞኒተር የሚሉትን እስካይ ድረስ አላጋጠመኝም። «ባለ 24 ኢንች ነው» ይሉሃል። ወርዱ ነው? አይደለም። ቁመቱስ? እሱም አይደለም። ከግርጌ ጥግ ተነሥቶ በአናት በኩል ወዳለው ተቃራኒ ጥግ የተዘረጋ ልኬት ነው። እንዲህ አድርጎ መሬት የሚለካ ቢኖር ኖሮ የቂርቆስ ሰፈር ሰው እስካሁን ፍርድ ቤት ደጅ በጠና ነበር። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥቼ ብለካው፣ 24 ኢንች የተባለው ወርዱ 53፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ይህንኑ ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ጠረጴዛዬ እንደሆነ በሰያፍ አልተሠራም።

ለነገሩ ጉዳዩ የእኔ አልነበረም፤ የልጅ ልጆቼ ናቸው ያመጡብኝ። ትልቋ ዲዛይነር ናት፤ የሰርግ ጥሪ፣ የካፌ ሜኑ፣ የሱቅ ሎጎ ትሠራለች። ታናሽ ወንድሟ ኮድ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ ብጠይቀው «አባባ፣ ባክኤንድ ነው» አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጠይቄው አላውቅም። ሁለቱ አንዲት ላፕቶፕ እየተሻሙ አንገታቸውን ቀብረው ይውሉና፣ ሲመሽ እሷ «ወገቤን»፣ እሱ «ዓይኔን» ይላሉ። በዚህ መሀል ዕቁቤ ደረሰኝ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ልቀይርበት አስቤ ነበር። ዕቁብ የደረሰው ሽማግሌ ግን በገዛ ቤቱ ሰላም የለውም። ሳልጠይቅ ሻይ ይቀርብልኝ ጀመር። መነጽሬ ተጠርጎ አገኘው ጀመርኩ። ሻዩ ሲደጋገም ነገር እንዳለበት ገባኝ።

«ሞኒተር» አሉ በመጨረሻ።

«ላፕቶፑ ላይ የተገተረው ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱ ጠባብ ነው አባባ፤ 1366 በ768 ብቻ እኮ ነው።»

ይህን ሲሉኝ የቤት ቁጥር የነገሩኝ መስሎኝ ነበር።

እኔን ለምርጫው ይዘውኝ የዞሩት ገንዘቡ እኔ ጋ ስላለ ብቻ እንዳልሆነ ይምላሉ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ስለቅም ነው፤ የእርሳስ ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ ከሳጥኑ። ሠላሳ ሦስቱን በሰባት አባዛና 231፤ ዲቃሎቹን፣ ቁጥሩን፣ ነጥቡን ሁሉ ደግሞ ጨምርበት። «ነ» እና «ኘ» የሚለዩት አናት ላይ ባለች ጭረት ነው። «ሰ» እና «ሸ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ደ» እና «ጀ» እንደዚያው። ጭረቷን የሳተ ለቃሚ ከአራሚው ጋር ይጣላል፤ ከአራሚው የተጣላ ደግሞ ከአለቃው ይጣላል። ስለዚህ የእኔ ዓይን ጭረት ፈላጊ ነው። በየሱቁ ሞኒተሩ ላይ ዓሣ ሲያዋኙ፣ አበባ ሲያፈነዱ ሌላው ሰው አፉን ከፍቶ ያያል። እኔ «ዓሣውን አንሣና አንድ የአማርኛ ገጽ አምጣልኝ» ነው የምለው።

ዋጋውን ለማወቅ መጀመሪያ በስልክ ፈለግን። ቴሌግራም ላይ የሚነግደው ሰው ብዛት! ሞኒተሩን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ያነሡታል፤ «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ «ብራንድ ኒው»፣ «ፓክድ» እያሉ ያሞግሱታል። ስልክ ቁጥር አለ፣ አድራሻ አለ፣ የሚነድ የእሳት ሥዕል ሳይቀር አለ። ዋጋ የለም። «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። እኔ በውስጥ መስመር ሲነገር የማውቀው መርዶና የጋብቻ ወሬ ነው። አንድ ሞኒተር ምን ነውር ሠርቶ ነው ዋጋው በሹክሹክታ የሚነገረው? የልጅ ልጄ ጻፈችለት፤ መለሰላት። በማግስቱ ስንደውል «ያ የትናንቱ ነው» አለን።

በነጋዴው ላይ ብቻ ግን አልፈርድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ እስከዚያ ቀን 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው 100 ብር አለፈ፤ ከዚያም ወደ ኋላ አላየም። ሞኒተር እዚህ አይበቅልም። በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ወርዶ፣ ቀረጥ ተቀርጦ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደርቦበት ነው የሚደርሰን፤ ወይም በሰው ሻንጣ ውስጥ በሹራብ ተጠቅልሎ። ጡረታዬ ግን መርከብ ላይ አልወጣችም። ያንኑ ብሯን ይዛ ፖስታዋ ውስጥ ተቀምጣለች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ቀድሞ የምሄደው ካዛንቺስ ነበር። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ኋላም ኮምፒውተር የሚፈታ ሰው ነበረኝ፤ ሱቁ ቆርቆሮ፣ እጁ ወርቅ። ሞኒተር ሞተ ሲሉት ጀርባውን ከፍቶ የተነፋ ካፓሲተር ያወጣና «አየህ፣ ይህችን ጉድ!» ብሎ ያሳይሃል፤ አዲስ በይዶ ያስነሣዋል። አዲስ ግዛ ብሎኝ አያውቅም። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እሱም ከነመበየጃው ተነሣ። ጎረቤቱ ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ ዘመድ ወዳለበት ተበተነ። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት፣ እኛም በየጓሮው ጭቃ እያቦካን የቀጠልንበት ሰፈር አሁን ሰፊ ጎዳና፣ የብስክሌት መንገድ፣ የሣር መስክና አግዳሚ ወንበር ሆኗል። ሲመሽ መብራቱ ያምራል፤ አልክድም፣ ተቀምጬበታለሁ። ካፓሲተር የሚቀይር ሰው ግን እዚያ ወንበር ላይ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ ወይም አሮጌ መግዛት ግድ ሆነ።

ከስታዲየም ተነሥተን፣ መስቀል አደባባይን አቋርጠን፣ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። አንዱ ጋ ስንገባ ሻጩ ልጅ «ፋዘር፣ ይግቡ» አለኝ። ፋዘር! ቄስ አይደለሁም፣ ሚሲዮን ቤት አላደግሁም። ይሁን ብዬ ገባሁ። ጀርባው ላይ ቀይ መብራት የሚያንቦገቡግ ጥቁር ሞኒተር አሳየኝ።

«ጌሚንግ ነው፤ 165 ኸርዝ» አለ በኩራት።

«ኸርዝ ምንድን ነው የኔ ልጅ?»

«ምስሉ በሴኮንድ 165 ጊዜ ይታደሳል።»

«እሷ የምትሠራው የሰርግ ካርድ ነው። ሙሽራዋ ቆማ ነው የተነሣችው፤ ወዴት ልትሮጥ ነው?»

የልጅ ልጄ «አባባ፣ በእናትህ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እሷ ታፍራለች፣ እኔ እከፍላለሁ። ነገሩ ግን ልክ ነው። ኳስና ጥይት ለሚያሳድድ ተጫዋች ያ ፍጥነት ዋጋ አለው። ለቆመ ፊደልና ለቆመ ሥዕል 60 ይበቃል፤ 75 ከሆነ ምርቃት ነው። ቀይ መብራቱም ቢሆን በእኛ ቤት የሚያገለግለው ትንኝ ለመሳብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሻጭ የባሰ ብልጥ ነበር። «አባቴ፣ ሞኒተሩን ይተዉት። 32 ኢንች ቲቪ ይውሰዱ፤ ዋጋው ከሞኒተሩ ያንሳል፣ ማታ ማታ ድራማ ያዩበታል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ሸፈተ። ወንዱ የልጅ ልጄ ልቤ መሸፈቱን አይቶ ደብተሩን አወጣና እዚያው ባንኮኒው ላይ ሒሳብ ያስተምረኝ ጀመር። ሒሳቡ ከእኔ ሙያ ጋር ግጥም ሲል ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አላሳየሁትም፣ ይጠግብብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪን የነጥብ ስብስብ ነው፤ ፒክስል ይሏታል ነጥቧን። ፉል ኤችዲ የተባለው 1920 በ1080 ሲሆን ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይመጣል። ስክሪኑ ቢገዝፍም ቢያንስም ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ባለ 24 ኢንቹ ላይ በአንድ ኢንች ርዝመት 92 ያህል ነጥብ ይሰለፋል። ያንኑ 27 ኢንች ላይ ሲዘረጉት 82 ይሆናል። ገንዘብ ጨምረህ ነጥብ ትቀንሳለህ ማለት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ በክርኑ እየተገፋፋ የሚቆመው ትልቁ ፊት ነው። ያ 32 ኢንች ቴሌቪዥንማ 1366 በ768 ብቻ ነው፤ በኢንች 49። እነዚህ ልጆች ጠበበን ብለው የሸሹትን የላፕቶፕ ነጥብ ግድግዳ አክሎ ሊሸጥልን ነበር።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ኑ። እኛ ፊደል የምንለካው በፖይንት ነው፤ አንድ ኢንች 72 ፖይንት። ባለ 12 ፖይንት የመጽሐፍ ፊደል የኢንች አንድ ስድስተኛ ነው። ያን ፊደል በወረቀቱ ልክ ስክሪን ላይ ብታሳየው፣ ባለ 24 ኢንቹ ላይ ለቁመቱ 15 ነጥብ ይደርሰዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ 8። በ8 ነጥብ እስቲ «ቋ»ን ሳላት! «ጯ»ንስ? የ«ኘ» ጭረት የት ትቀመጥ? ፈረንጅ ክብ ስሎ አንድ ፊደል፣ እንጨት አቁሞ ሌላ ፊደል አግኝቷል፤ 8 ነጥብ ቢሰጡትም ይተርፈዋል። እኛ እግር፣ ቀለበት፣ ጭረትና ቅጥያ ያለው ፊደል ይዘን በፈረንጅ ልክ በተሰፋ ስክሪን ውስጥ እንጣበብ? ጥሩ ማተሚያ ቢያንስ በኢንች 300 ነጥብ ያወጣል፤ ለዚያው ፊደል 50 ነጥብ ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያደገ ዓይን ስክሪን ፊት ቢያጉረመርም አይፈረድበትም።

ሻጩ እንዲያምነኝ ቴሌቪዥኑን አስበራሁትና የአማርኛ ጽሑፍ አስከፈትሁት። «ተኛ» የሚለው «ተና» ሆኖ ቁጭ አለ። በዚያ ላይ ብዙ ቴሌቪዥን ለፊልም ታስቦ የቀለሙን መረጃ ስለሚያሳሳው፣ ጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ጠርዙ ይሟሟል። አንዳንዱም የምስሉን ዳር ዳር በልቶ ያስቀረዋል፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት የሚቀመጥበት ጥግ ጭራሽ ጠፍቶ አየሁ። «ሴቲንግ ነው» አለ ልጁ። ሴቲንግ የማይሆን ነገር የለም በዚህ ዘመን።

በነገራችን ላይ፣ 27 ኢንች ሆኖ 2560 በ1440 የሆነ አለ። በኢንች 109 ያህል ነጥብ፤ የእኔ ፊደል 18 ያገኛል። «ኘ» ጭረቷን ደፍታ ስትታይ ሙሽራ ትመስላለች። ዋጋውን ሰምቼ መነጽሬን አወለቅሁ።

ከነጥቡ ቀጥሎ ፓነል የሚሉት አለ። በብዛት የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው፦ ቲኤን፣ ቪኤ፣ አይፒኤስ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ አይጽፉትም፤ በትልቁ የሚጽፉት ኸርዙን ነው። ቲኤን ርካሹና የቆየው ነው። ችግሩ፣ አንገትህን ባነቃነቅህ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። የልጅ ልጄ ተቀምጣ ወይን ጠጅ ያየችውን እኔ ከጀርባዋ ቆሜ የደበዘዘ ሮዝ አየሁት። ይህ እንደ ቀላል እንዳይታይ። የአዲስ አበባ ደንበኛ ዲዛይን የሚያሠራው እንዴት ነው? ከዲዛይነሩ ጀርባ ቆሞ፣ አንድ እጁን ወንበሩ ላይ አድርጎ፣ በሌላኛው እየጠቆመ ነው። «ይህን ቀይ ጨምሪበት፤ አሁን በዛ፤ ቀንሺው» ይላል። እሷ የምታየው ሌላ ቀይ፣ እሱ የሚያየው ሌላ ቀይ። የሰርጉ ቀን ሳይደርስ ጠባቸው ይደርሳል።

ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ፊልም ለሚያይ ደግ ነው። ይህ ወንዱ ልጅ ግን ኮዱን የሚጽፈው ጥቁር መደብ ላይ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በብርቱካን ፊደል ነው፤ ለምን በነጭ ላይ በጥቁር እንደማይጽፍ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ገጹን ወደ ታች ሲያንሸራትት ርካሽ ቪኤ ላይ ፊደሉ ጭራ ያወጣል። የተረፈው አይፒኤስ ነው። በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃፓኖች ሂታቺ ቤት ያወጡት ነው፤ ከጎን ብታየው፣ ከላይ ብታየው ቀለሙ አይክድህም። ጥቁሩ ትንሽ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ይሁን።

አይፒኤስን ሊያስረዱኝ ሲደክሙ «ገብቶኛል፤ እዚህ ካዛንቺስ አይደለም እንዴ ያለው?» አልኳቸው። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 በተመሠረተበት ቤት፣ አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት አለ። ካሬ ሜትር ነው ያልኩት፤ በሰያፍ አልለኩትም። ሞኒተርም እኮ ሌላ ተአምር አይደለም፤ ከኋላ ብርሃን፣ ከፊት ቀለም ያለው መስታወት። የአፈወርቅ ብርሃን ፀሐይ ናት። ከየትም ቆመህ እየው፣ ቀዩ ቀይ ነው። መብራት ቢጠፋ ግድ የለው፣ ኸርዙ ዜሮ፣ ዩፒኤስ አይፈልግ። የልጅ ልጄ ሳቀች፤ ግን ቀለም እማራለሁ የምትል ልጅ ከአፍንጫዋ ሥር ያለውን ሳታይ ዩቲዩብ ላይ ስትንከራተት ማየት ያሳዝናል።

ስለ ቀለም ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። ኤስአርጂቢ የሚባል ስምምነት አለ፤ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 በፈረንጅ አቆጣጠር ያወጡት። ሞኒተሩ ከዚያ ውስጥ 99 በመቶ ያህሉን ካሳየ ለካርድ፣ ለሜኑ፣ ለድረ ገጽ ይበቃል። ርካሹ ላይ ግን በደቃቃ ጽሑፍ፣ በሌላ መለኪያ «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ተብሎ ታገኛለህ። ይህን ስታይ ዕቃውን መልስ፤ ቀዩ ጡብ፣ አረንጓዴው የደረቀ ጎመን ነው የሚሆነው። ከኤስአርጂቢ በላይ የሚያሳይ፣ ለማተሚያ ሥራ የታሰበ ውድ ዓይነትም አለ። እሱን አያምራችሁ። ስክሪን ብርሃን ይቀላቅላል፣ ማተሚያ ደግሞ አራት ቀለም ይቀላቅላል፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወርድ ሁልጊዜም ይሞታል። ይህን ለደንበኛ ለማስረዳት ሞኒተር አይረዳም፣ ሽምግልና ነው የሚረዳው።

እኔ እንግዲህ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ በ1957 ሲመጣ አይቻለሁ። እስከ 1977 መስከረም ድረስ ቀለም አልነበረውም። ጃንሆይን በጥቁርና ነጭ አየናቸው፣ በጥቁርና ነጭ ሸኘናቸው። የቀለም ሽፋኑ አነሰ ብሎ ያመለከተ ዜጋ አላስታውስም።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ አዲሱ ከዕቁቡ እንደሚበልጥ ግልጽ ሆነ። የቀረው አሮጌ ነው፤ የፈረንጅ መሥሪያ ቤት ጡረታ ያወጣው፣ በዱባይ በኩል የዞረ። እኔም ጡረተኛ ነኝና ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። አሮጌ የቢሮ ሞኒተር ቁም ነገረኛ ነው፤ መብራት የለው፣ ጌጥ የለው፣ እግሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አብዛኛው አይፒኤስ ነው። ሞዴሉም ይነበባል። ዴል P፣ U ወይም E ብሎ ይጀምርና አራት ቁጥር ያስከትላል። U የተባለው የላይኛው መደብ ነው፣ P የደህናው ቢሮ፣ E የቆጣቢው። ሁለቱ ቁጥር ኢንቹ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱ። P2419H ማለት 24 ኢንች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2019 ትውልድ። ሻጩ «ያምናው ነው» ሲልህ የልደት ወረቀቱ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

እዚህ ላይ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ ተጣሉ። ወንዱ U2412M የሚባለውን ፈለገ፤ አሮጌ ነው ግን 1920 በ1200 ነው። ያ ማለት ከሌላው ይልቅ 120 ረድፍ ይረዝማል፤ ኮድ የሚያድገው ወደ ታች ስለሆነ ለእሱ ደስታ ነው። ሴቷ «ዕድሜው በዛ፣ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳም የለውም» አለች። እውነት ነው፤ ዲቪአይ፣ ዲስፕሌይ ፖርትና ቪጂኤ ነው ያለው፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲቪአይ የሚሄድ ገመድ ያስፈልገዋል። ሻጩ በቪጂኤ ላገናኛችሁ አለ። ቪጂኤ በ1987 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ የአይቢኤም ገመድ ነው፤ ምስሉን እንደ ሬዲዮ ሞገድ ስለሚልከው ፊደሉ ጥላ ያበጃል። ይሠራል፣ ግን ለጭረት ፈላጊ ዓይን አይሆንም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ፍተሻው የእኔ ሆነ። ሙሉ ጥቁር አስበራሁ፤ ጥግ ጥጉ ላይ ብርሃን የሚያፈስ ካለ አንድ ወገን አስቀመጥኩ። ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ፤ የሞተች ነጥብ ቦታዋን አትለቅም፣ በጣት ጠርገህ ካልጠፋች አቧራ አይደለችም። ከዚያ የቀሩትን ጎን ለጎን ነጭ አስበርቼ ነጠላዬን አውልቄ ከአጠገባቸው ዘረጋሁ። አንደኛው ወደ ሰማያዊ፣ ሌላኛው የጀርባ መብራቱ አርጅቶ ወደ ሽሮ ያደላል። አንዱ ብቻ ከነጠላዬ ጋር ተስማማ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየኝ። ሻጩ «ፋዘር፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ። «እያነጻጸርኩ» አልኩት። «ነጠላው የታጠበ ነው?» አለኝ። ይህ ልጅ ወደፊት ደህና ነጋዴ ይወጣዋል።

ስለ ዋስትና ስጠይቀው «እዚህ አብርተው አይተውታል አይደል?» አለኝ። ዋስትናው እስከ ሱቁ ደፍ ነው ማለት ነው። ቢያንስ ደረሰኝ ላይ ሞዴሉንና ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ ብዬ ቆምኩ፤ ካልተጻፈ አልከፍልም አልኩ። ተጻፈ። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት የፊደል ግድፈት ነበር፤ አሳረምሁት።

ቤት ገባን። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ለአንድ ነገር ብቻ አመሰግነዋለሁ፦ እግሩ ከፍ ስለሚል ላፕቶፑን ለማስረዘም ከሥሩ ያደረጉትን ወፍራሙን መዝገበ ቃላቴን መለሱልኝ። ሽፋኑ ጎብጧል። መብራት በሄደ ቁጥር ዩፒኤሱ «ጢጥ ጢጥ» ይላል። ሞኒተሩ ግን 20 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፤ ቀድሞ የነበረው ባለ ሆዱ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ክረምት ላይ ድመት የምትተኛበት ዓይነት ቢሆን ዩፒኤሱም ባልቻለው ነበር።

ወንዱ ስክሪኑን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ ያቆመዋል፤ ኮዱ ከላይ እስከ ታች ይፈስለታል። ሴቷ ትመጣና መልሳ ታጋድመዋለች። ማለዳ ሁለቱም ሳይነሡ እኔ አቆመውና ጋዜጣዬን ሙሉ ገጽ እከፍታለሁ፤ ፊደሉን ሁለት እጥፍ አሳድጌ። ሳልመልሰው ተነሥቼ ብሄድ «ማነው ዙሙን 200 ያደረገው?» ተብሎ ቤቱ ይታመሳል። የከፈለው ነው ያደረገው።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሻይ ይቀርብልኝ ጀመር። የሞኒተር ቀለም በጊዜ ብዛት ስለሚዛነፍ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚለካና የሚያስተካክል መሣሪያ አለ ትላለች ሴቷ። ነጠላዬስ ምን ሆነች አልኳት። ነጠላ ቁጥር አይሰጥም አለችኝ። እሺ፣ ዋጋው ስንት ነው ብላት ወንድሟን አየችው፣ እሱም አያት።

«በውስጥ መስመር እንንገርህ አባባ» አለችኝ።